በወንጀል ነገር የገባ ልጅ ከቤተሰቡ ሳይለይ የሚታረምበት ሥርዓት

አዲጋላ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚያልፈው የባቡር መስመር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በከተማዋ የሚኖር የ13 ዓመት ልጅ ለምሳሌ የሰው ንብረት ሰርቆ ቢያዝ፣ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው ልጁ ወዴት እንደሚወሰድ ነው። ሕጉ የሚሰጠው መልስ ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ነው። ልጁ በቤተሰቡ ዘንድ ሆኖ፣ እየተማረና ክትትል እየተደረገለት ሊታረም ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን በአብዛኛው ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲገኝ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ልጆችን በዕድሜ ይለያል። 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ልጅ ላይ በአዋቂዎች ላይ የሚወሰነው መደበኛ ቅጣት አይወሰንበትም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር መታሰርም የለበትም። ዕድሜው ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ግን የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው። ሆኖም ፍርድ ቤቱ ዕድሜውንና የመታረም ተስፋውን ተመልክቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ወይም ለወጣት ጥፋተኞች ከተደነገጉት ልዩ ቅጣቶች አንዱን ሊወስን ይችላል። በመሆኑም የአንድ ዓመት ልዩነት እንኳ የልጁን ዕጣ ይለውጣል። የልደት ምዝገባ ያልተደረገለት ልጅ ወላጆች የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ ወይም ዕድሜውን ሊያስረዳ የሚችል ሌላ ሰነድ ይዘው ቢቀርቡ ይጠቅማል። ሰነድ በማይገኝበት ጊዜ ፍርድ ቤቱ የሕክምና ምርመራ እንዲደረግ ሊያዝ ይችላል።

በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ልጁ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወደሚገኘው ወረዳ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የሚያቀርበው ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ወላጅ፣ ሞግዚት ወይም የግል ተበዳይ ሊሆን ይችላል። ነገሩ የሚሰማው በዝግ ችሎት ነው። ወላጅ ወይም ሞግዚት ከልጁ ጋር ይቀርባል፤ ስለ እርሱ የሚቀርብ ሰው ከሌለ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ያቆምለታል። ክርክሩ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማይረዳ ልጅ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት ሕገ መንግሥታዊ መብት አለው። ነገሩ ለሌላ ቀን ከተቀጠረ ልጁ ለወላጁ፣ ለሞግዚቱ ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ እነዚህ ከሌሉ ለታመነ ሰው ይሰጣል። የተረከበው ሰው በቀጠሮው ቀን ልጁን ይዞ ለመቅረብ ኃላፊ ነው። በዚህ ጊዜ ማንም ሳይቀርብለት የቀረ ልጅ የት እንደሚያድር መገመት አያዳግትም።

ፍርድ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና ኑሮ ወላጆቹን፣ መምህራኑንና ሌሎች የሚያውቁትን ሰዎች ሊጠይቅ ይችላል። እነዚህ ሰዎች እውነቱን፣ ደካማ ጎኑንም ጭምር ሊናገሩ ይገባል። ከልክ ያለፈ ውዳሴ ፍርድ ቤቱ ለልጁ የማይስማማ እርምጃ እንዲመርጥ ያደርጋል።

ጥፋቱ ከተረጋገጠ ሊወሰዱ ከሚችሉት እርምጃዎች አንዱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 159 የተመለከተው፣ ልጁ በሰው ኃላፊነትና በክትትል ሥር ሆኖ እንዲማር የሚደረግበት ነው። ልጁ ለዘመዶቹ ይሰጣል፤ ዘመድ ከሌለው ወይም ዘመዶቹ ሊያሳድጉት አለመቻላቸው ከታየ ለሞግዚት፣ ለታመነ ሰው ወይም ለሕፃናት አስተዳደግ ለተቋቋመ ድርጅት ይሰጣል። ተረካቢው ለልጁ መልካም ጠባይ ኃላፊ እንደሚሆን በፍርድ ቤቱ ፊት በጽሑፍ ግዴታ ይገባል። ፍርድ ቤቱም ልጁ ሳያቋርጥ እንዲማር ወይም ሙያ እንዲለምድ ሊያዝ ይችላል። ለቀላል ጥፋት ተግሣጽ፣ ወይም በትርፍ ጊዜው በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ ለዕድሜው የሚስማማ ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ሊበቃ ይችላል። ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክ ከሁሉ የከበደው እርምጃ ነው። ተቋሙም በየከተማው የሚገኝ አይደለም፤ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የሚታወቀው በአዲስ አበባ ያለው ነበር። ለአዲጋላ ቤተሰብ ይህ ልጅን መጠየቅ እስከማይቻልበት ርቀት መሸኘት ማለት ነው።

በአዲጋላና በአካባቢዋ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ጉዳይ አለ። የኢሳ ሶማሌ ማኅበረሰብ ባህላዊ ሕግ የሆነው ሔር ኢሴ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በዚህ ሥርዓት ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይመክራሉ፤ ካሳውንም አጥፊው ብቻውን ሳይሆን ጎሳው ይሸከማል። ዕርቁ ለተበዳይ እፎይታ፣ ለልጁም በሰፈሩ ተቀባይነት ስለሚያስገኝ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስከስሱ ወንጀሎች በስተቀር ዕርቅ መውረዱ የተከፈተውን መዝገብ አይዘጋም። «በሽማግሌ አልቋል» ብሎ ከቀጠሮ የሚቀር ቤተሰብ ልጁን ይጎዳል። የተሻለው መንገድ ዕርቁን ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት ነው፤ ልጁን ለመረከብ የታመነ ሰው ሲፈለግም በሽምግልናው የተሳተፈ ዘመድ ሊቀርብ ይችላል።

ሌላው ችግር ከከብት አርቢው ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። ልጁን የተረከበው አጎት በድርቅ ጊዜ ከብቶቹን ይዞ ርቆ ቢሄድ ልጁ ያለ ተቆጣጣሪ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሁኔታ እንደ ጥፋት እስኪቆጠር መጠበቅ አያስፈልግም። ፍርድ ቤቱ በራሱ አነሳሽነት፣ ወይም ልጁ፣ ሕጋዊ ወኪሉ ወይም ተረካቢው ሲያመለክቱ ትእዛዙን በማናቸውም ጊዜ ሊለውጥ ይችላል። ማመልከቻው ትእዛዙን ለሰጠው ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሲሆን፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ ተረካቢው የሚሄድበትን ምክንያትና በእርሱ ፈንታ ኃላፊነቱን የሚቀበለውን ሰው ስም ቢይዝ ጉዳዩ ይፋጠናል። አዲሱ ተረካቢ በአካል ቀርቦ ፈቃደኛነቱን ቢገልጽ ይመረጣል። ልጁ ትምህርት ቤት ከቀየረም ይኸው መገለጽ አለበት።

በዚህ መልክ የሚታረም ልጅ በወንጀል ሕግ እንደ ተቀጣ ሰው አይቆጠርም። የተሰጠው ትእዛዝም የሚጸናው አስፈላጊ ሆኖ እስከ ተገኘበት ጊዜ፣ ቢረዝም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ነው።