የተናቀችው አሥር ሳንቲም

ዛሬ አሰላ ገበያ አሥር ሳንቲም ብንዘረጋ ማን ይቀበለናል? ዕቃ ስለማትገዛ በየመሳቢያው ጥግ ተረስታለች። እስቲ ገልበጥ አድርገን እንያት! በግእዝ ቁጥር 1969 ዓ.ም. የተጻፈባት ሳንቲም በአንድ ፊቷ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው የደጋ አጋዘን አለባት።

ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም፤ የአርሲ ተራሮች አንዱ መኖሪያው ናቸው። ጫካው እየተመነጠረ፣ አደኑም እየበዛ ቁጥሩ ተመናምኗል።

እኛ ሳንቲሟን የምንሰበስበው ሀብት ለማከማቸት አይደለም። ልጆቻችን አላህ (ሱ.ወ.) በደጃፋቸው ያኖረውን አማና እንዲያውቁ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለእንስሳት ማዘንን አስተምረውናል።

ወላጆች ሆይ! ሳንቲሟን ለልጆቻችሁ ስታሳዩ ተራራውንም አሳዩአቸው። ሳንቲም ቢጠፋ ሌላ ይቀረጻል፤ አጋዘኑ ቢጠፋ ግን ከየት እናመጣዋለን?