ታካሚው ሲሄድ የሚቀር ፎቶ፦ ስማርት ስልክና የታካሚ ምስጢር በአብርሃ ጅራ የነርስነት አገልግሎት

መግቢያ

በጤና ተቋማት ውስጥ ስለ ስማርት ስልክ የሚነሣው የሥነ ምግባር ክርክር ብዙውን ጊዜ በሁለት ጫፎች መካከል ይዋልላል። አንደኛው ወገን ስልክ የነርሷን ትኩረት ስለሚሰርቅ በሥራ ሰዓት እንዲከለከል ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ ስልክ የመድኃኒት መጠን ለማስላት፣ የሕክምና መመሪያ ለማንበብና ከርቀት ለመመካከር የሚያገለግል የሥራ መሣሪያ መሆኑን ያስረዳል። ሁለቱም አስተያየቶች እውነትነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ይዘልላሉ። ይኸውም ለበጎ ዓላማ የተነሣ የታካሚ ፎቶ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የት ይኖራል የሚለው ነው።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በምዕራብ ጎንደር ዞን ከምትገኘው ከአብርሃ ጅራና ከአካባቢዋ ሁኔታ አንጻር ያብራራል። ዋና መከራከሪያውም የሚከተለው ነው፦ የታካሚ ምስጢር ለአደጋ የሚጋለጠው በክፉ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን፣ በበጎ ሐሳብ ተነሥቶ ባለቤትና ማብቂያ ባልተበጀለት ምስል ጭምር ነው። ስለዚህ መፍትሔው ስልኩን ከመከልከል ይልቅ ለምስሉ መንገድ ሥርዓት ማበጀት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት የአሠራር ሁኔታዎች ለማብራሪያ የቀረቡ ናቸው፤ የማንኛውንም የተለየ ተቋም አሠራር አይገልጹም።

የአካባቢው ሁኔታና የምስጢር ክብደት

አብርሃ ጅራ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው ከመተማ እስከ ሑመራ የተዘረጋው፣ ከሱዳን ጋር የሚዋሰነው የቆላ እርሻ ምድር አካል ነው። ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ በሰፊው ይመረትበታል። በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ለአጨዳ በርካታ ወቅታዊ ሠራተኞች ከደጋው ይወርዳሉ። እነዚህ ሠራተኞች ለወባና በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፈው ለካላዛር ይጋለጣሉ። ካላዛር ትኩሳቱ የማይለቅ፣ ሰውነትን የሚያከሳና ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ ሲሆን ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ ለሚሆኑት ታማሚዎች ለሞት ይዳርጋል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በዚሁ ወረዳ በምትገኘው በአብዱራፊ ለዓመታት የካላዛር ሕክምና ሲሰጥ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ቆላ ምድር የታካሚን ምስጢር የተለየ ክብደት የሚሰጠው ካላዛርና ኤች አይ ቪ በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው የሚገኙበት መጠን በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ መሆኑ ነው። ለካላዛር ታማሚ ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲደረግ የሚመከረውም ለዚህ ነው። እንግዲህ በአንድ አልጋ አጠገብ የሚገኝ መረጃ የአንድ በሽታ መረጃ ብቻ አይደለም። በአንድ የእርሻ ካምፕ ውስጥ አብረው የሚያድሩና አብረው የሚበሉ ሠራተኞች ዘንድ ደርሶ ሰውየውን ሥራውን፣ ማደሪያውንና ወደ ትውልድ መንደሩ የሚመለስበትን ክብር ሊያሳጣው የሚችል መረጃ ነው።

የጸጥታው ሁኔታም ሌላ ክብደት ይጨምራል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ገብተዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል በትጥቅ ግጭት ውስጥ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በጥይት የቆሰለ ሰው ፎቶ ከሕክምና ክፍል ከወጣ፣ የሚያስከትለው ጉዳት ከኀፍረት አልፎ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ቁስለኛው በየትኛው ወገን እንደተሰለፈ መገመት የነርሷ ሥራ አይደለም፤ ሌሎች እንዲገምቱ የሚያስችል ምስል አለመስጠት ግን ሥራዋ ነው።

ስልኩ ለምን ያስፈልጋል?

በኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ነው። የቆዳ ሐኪም፣ የራዲዮሎጂ ባለሙያ ወይም የካላዛር ስፔሻሊስት በዚህ ደረጃ አይጠበቅም። የሌይሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ያለው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሲሆን፣ በክረምት ጭቃና በጸጥታ ችግር ታካሚን ወደዚያ መላክ ቀላል አይደለም። በፊቱ ላይ ሽፍታ የወጣበት ሰው ካላዛርን ታክሞ ከዳነ በኋላ የሚከሰተው የቆዳ ሕመም ይዞት ይሆን፣ ከደጋ ይዞት የመጣው ቁንጭር ይሆን፣ ወይስ ሥጋ ደዌ? አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ይህን ጥያቄ በደቂቃዎች ውስጥ ወደሚያውቅ ሰው ሊያደርስ ይችላል። መብራት ሲጠፋ የስልኩ ብርሃን፣ የመድኃኒት መጠን ሲሰላ የስልኩ ማስያ የታካሚውን ደኅንነት ያግዛሉ።

ስለዚህ ፍጹም ክልከላ ሁለት ጉዳት አለው። ታካሚውን ጥቅም ያሳጣዋል፤ አሠራሩንም ያስቆመው ሳይሆን ይደብቀዋል። በድብቅ የሚነሣ ፎቶ ደግሞ ማንም የማይጠይቅበት ፎቶ ነው።

ምስሉ የሚሄድበት መንገድ

ለማብራሪያ ያህል የሚከተለውን ሁኔታ እናስብ። አንዲት ነርስ የታካሚውን ቁስልና የሕክምና ካርዱን በግል ስልኳ አንሥታ፣ አርባ ባለሙያዎች በሚገኙበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «ምክር እፈልጋለሁ» ብላ ትለጥፋለች። ምክሩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይመጣል፤ ታካሚውም ተገቢውን ሕክምና ያገኛል። ከሥነ ምግባር አንጻር ነርሷ የታካሚውን ጥቅም አስቀድማለች። ምስሉ ግን አሁን በብዙ ስፍራዎች ይገኛል።

አንደኛው ስፍራ የነርሷ የፎቶ ማኅደር ነው፤ በዚያ ከልጆቿ ፎቶ ጋር ተቀላቅሎ ይቀመጣል። ስልኩ ፎቶዎችን በራሱ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ እንዲልክ ተስተካክሎ ከሆነ፣ ሁለተኛ ቅጂ በዚያ አለ። ሦስተኛው የቴሌግራም ማከማቻ ነው፤ በቴሌግራም የቡድን ውይይቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተመሠጠሩም። ይህ ጥበቃ ያለው በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ በሚከፈተው «ምስጢራዊ ውይይት» ውስጥ ነው። አራተኛው የቡድኑ አባላት ስልኮች ናቸው። ከእነዚህ መካከል የሚሸጥ፣ ለጥገና የሚሰጥ፣ በፍተሻ የሚከፈት ወይም ለቤተሰብ የሚዋስ ሊኖር ይችላል። ነርሷ መልእክቷን ከቡድኑ ብታጠፋ እንኳ አስቀድሞ የተቀዳውን ወይም ወደ ሌላ ስፍራ የተላለፈውን አታጠፋም። የመገኛ ቦታ አገልግሎቱ ክፍት ከሆነ ደግሞ የስልኩ ካሜራ ፎቶው የተነሣበትን ስፍራና ሰዓት በፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ችግሩ ይቀልላል ማለት አይቻልም። ፎቶው በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይሸጋገራል፤ ወይም ግንኙነቱ እስኪመለስ በግል ስልክ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል።

ስምን መሸፈን ለምን አይበቃም?

የተለመደው መከላከያ «ስሙን ሸፍኜዋለሁ» የሚል ነው። ይህ መከላከያ ግን በሁለት ምክንያቶች ደካማ ነው። የመጀመሪያው የማንነት ፍንጮች ተደምረው ስምን ሊተኩ መቻላቸው ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ላታኒያ ስዊኒ በ2000 እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው፣ በአገሯ ከሚኖረው ሕዝብ 87 በመቶ የሚሆነውን በልደት ቀን፣ በጾታና በፖስታ አካባቢ ቁጥር ብቻ ለይቶ ማወቅ ይቻል ነበር። በአብርሃ ጅራ ደግሞ የልደት ቀን እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። የጋቢው ጥለት፣ በአንገት ላይ ያለ መስቀል፣ የእጅ ንቅሳት ወይም አጠገቡ የተቀመጠው አስታማሚ ለአንድ የካምፕ ጓደኛ በቂ መለያ ነው። በፊት ላይ የሚወጣ ሽፍታ ሲሆን ደግሞ ዓይንን በጥቁር መስመር መሸፈን ከይስሙላ አያልፍም።

ሁለተኛው ምክንያት ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘ ነው። በአካባቢው ኤች አይ ቪ ለሌለበት የካላዛር ታማሚ የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ከፓሮሞማይሲን ጋር ነው። በአንጻሩ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ኤች አይ ቪ ላለበት ታማሚ አምቢዞም ከሚልቴፎሲን ጋር እንዲሰጥ መክሯል። ስለዚህ ስምና የኤች አይ ቪ ውጤት የተሸፈነበት፣ የመድኃኒቱ ዝርዝር ግን የሚነበብበት ካርድ ለሚያውቅ ሰው ውጤቱን ሊጠቁም ይችላል። ካርዱን የሚያዩት የቡድኑ አባላት ደግሞ ይህን የሚያውቁ ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ ምስጢሩ የተሸፈነው ማንበብ ከማይችለው ሰው ብቻ ነው።

ፈቃድ፦ በአልጋ ላይ የሚሰጥ «እሺ»

«ታካሚው ፈቅዷል» የሚለው መልስም መመርመር ይገባዋል። ከቤቱ የራቀ፣ በትኩሳት የደከመና ሕክምናውን የሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ ነጭ ጋዋን የለበሰች ባለሙያ ስልክ አንሥታ «ላንሣህ?» ስትለው «እሺ» ማለቱ የሚጠበቅ ነው። እምቢ ቢል መርፌው የሚቀርበት ሊመስለው ይችላል። ቋንቋው ዐረብኛ ወይም ጉሙዝኛ ከሆነና አስተርጓሚው የሥራ ባልደረባው ከሆነ ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሂደት ራሱ ምስጢር ያወጣል።

ስለዚህ ፈቃድ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን መያዝ አለበት። እነርሱም ምስሉ ለምን እንደሚነሣ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ ናቸው። እምቢታ በሕክምናው ላይ ለውጥ እንደማያመጣ በግልጽ መነገር አለበት። ለሕክምና ምክር የተሰጠ ፈቃድም ለማስተማሪያ፣ ለጥናት ወይም ለማኅበራዊ ሚዲያ የተሰጠ ፈቃድ ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም።

የሕጉ ድጋፍና ወሰኑ

የኢትዮጵያ ሕግ በጉዳዩ ላይ ዝም አላለም። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን የሚያስቀጣ ሲሆን ነርሶችም ከተጠቀሱት ባለሙያዎች መካከል ናቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ይመድባል። የዓለም አቀፍ ነርሶች ምክር ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው የሥነ ምግባር ደንብም የምስጢር ጥበቃን ከመረጃ አሰባሰብ አንሥቶ እስከ ማስተላለፍና ማከማቸት ያሰፋዋል።

ይሁን እንጂ ሁለት ክፍተቶችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 28 ሳይንሳዊና ትምህርታዊ ጥቅም ሲኖር ከፈቃድ ውጭ ለመጠቀም በር ይከፍታል። ይህን በር ያለ ሙያዊ ጥንቃቄ መግፋት ግን ሕጋዊ ሊመስል ቢችልም ሥነ ምግባራዊ አይሆንም። ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ክፍተት፣ የሕግ ጥበቃ በተግባር የሚንቀሳቀሰው ተበዳዩ አቤት ሲል መሆኑ ነው። አጨዳው ሲያልቅ ወደ ደጋ የሚመለሰው ሠራተኛ ግን ፎቶው መሰራጨቱን ላያውቅ ይችላል፤ ቢያውቅም የሚከሰው ስፍራ ሩቅ ነው። ስለሆነም በዚህ አካባቢ የመጀመሪያው ጥበቃ ከፍርድ ቤት ሳይሆን ከነርሷ እጅ ይጀምራል።

ለተመራማሪዎች የሚተርፍ ጉዳይ

ጉዳዩ ከነርሶች አልፎ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና መረጃ ሰብሳቢ ለሚሆኑ ባለሙያዎችም ይደርሳል። ጊዜ ለመቆጠብ የታካሚ ካርዶችን በግል ስልክ እያነሡ ማታ በማደሪያ ቤት መመዝገብ ቀላል መንገድ ይመስላል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቀደው ግን በመጠይቁ ላይ የተዘረዘሩትን ነጥቦች መውሰድን እንጂ ሙሉውን ካርድ መገልበጥን አይደለም። ጥናቱ ተጠናቅቆ፣ ተሟጋቹ ተመርቆ፣ ካርዶቹ ግን በስልኩ ውስጥ ቢቀሩ፣ በጥናቱ ሰነድ ላይ የተጻፈው «ምስጢራዊነቱ ተጠብቋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት አይሆንም።

የመፍትሔ ሐሳቦችና መደምደሚያ

ከላይ የተብራራው ወደሚከተሉት አሠራሮች ያመራል። አንደኛ፣ ለምክክር የሚያገለግል አንድ የክፍሉ ስልክ መመደብ፤ ይህም በይለፍ ቃል የሚከፈት፣ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ በራሱ የማይልክና በፈረቃ ርክክብ ጊዜ የሚፈረምበት ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ፣ ምስሉ ሕመሙ ያለበትን የሰውነት ክፍል ብቻ እንዲይዝ ማድረግ፤ ካርድን ከማንሣት ይልቅ አስፈላጊውን ነጥብ በቃል ወይም በጽሑፍ መግለጽ። ሦስተኛ፣ ለብዙኃን ቡድን ከመለጠፍ ይልቅ ጉዳዩ ለሚመለከተው አንድ ባለሙያ በምስጢራዊ ውይይት መላክ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ ስም ሳይጠሩ በስልክ መመካከር። አራተኛ፣ የምስሉን ዓላማ፣ ተቀባይና የጠፋበትን ቀን በታካሚው ካርድ ላይ መመዝገብ። አምስተኛ፣ ተመራማሪዎች የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያውንና ምስሎች የሚጠፉበትን ጊዜ በጥናት ዕቅዳቸው ውስጥ እንዲገልጹ መጠየቅ።

እነዚህን ኃላፊነቶች በነርሷ ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። ተቋሙ የሥራ ስልክ ሳያቀርብ የግል ስልክን ቢያወግዝ፣ ነርሷን በታካሚው ሕይወትና በታካሚው ምስጢር መካከል እንድትመርጥ ያስገድዳታል። ወቅታዊው ሠራተኛ ወደ አብርሃ ጅራ የሚመጣው ጉልበቱን ሸጦ ሊመለስ ነው። ሲታመም የሚያገኘው ሕክምናም ከሥፍራው ሲሄድ ምስሉን በማያውቃቸው ሰዎች ስልክ ውስጥ የሚያስቀር መሆን የለበትም። የታካሚው ፎቶ ከታካሚው ሕክምና በላይ ዕድሜ ካለው፣ ለዚያ ዕድሜ ምክንያት የማቅረብ ግዴታ ያለበት ያነሣው ባለሙያና የሚሠራበት ተቋም ነው።