በሕክምና መሣሪያ ላይ ስልክ መሰካት ለምን አደገኛ ይሆናል?

ከሁምቦ፣ ከዳሞት ጋሌ ወይም ከቦሎሶ ሶሬ ወረዳ ታማሚ ይዞ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚመጣ አስታማሚ ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኘው በእጅ ስልኩ ነው። ባትሪው ሲያልቅበት ከአልጋው አጠገብ ባለ የሕክምና መሣሪያ ላይ የዩኤስቢ መሰኪያ ቢያይ፣ ስልኩን ለመሰካት ሊያስብ ይችላል። ይሁን እንጂ መሰኪያው ለዚህ አገልግሎት የተሠራ አይደለም።

የዩኤስቢ መሰኪያ ከኤሌክትሪክ ኃይል በተጨማሪ መረጃ ያስተላልፋል። ዘመናዊ የማደንዘዣ መሣሪያም ሆነ በደም ሥር መድኃኒት የሚሰጥ ፓምፕ በውስጡ ኮምፒውተር አለው። ባለሙያዎች ሶፍትዌሩን የሚያድሱት እንዲህ ባሉ መሰኪያዎች ነው። መሰኪያው ጥበቃ ከሌለው ማንኛውም ሰው ባዕድ ዕቃ ሊያገናኝበትና የመሣሪያውን ሥራ ሊያውክ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይፋ ያደረገው ጉዳይ ለዚህ ማሳያ ነው። ስፔስላብስ የተባለው አምራች ባመረተው አርኮን የማደንዘዣ መሣሪያ ላይ የሶፍትዌር ጉድለት ተገኝቶ ነበር። በዩኤስቢ መሰኪያው ስልክ ከተሰካ መሣሪያው ሥራ ሊያቆም እንደሚችል የተገለጸ ሲሆን፣ አስተዳደሩም ጉዳዩን በከፍተኛው የአደጋ ደረጃ መድቦታል። በቀዶ ሕክምና ላይ ያለ ታማሚ የሚተነፍሰው በመሣሪያው እገዛ በመሆኑ ድንገት መቆሙ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

አደጋው መሣሪያው ከአገልግሎት ከወጣ በኋላም ይቀጥላል። ራፒድ ሰቨን የተባለው የሳይበር ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ያገለገሉ 13 የመድኃኒት ፓምፖችን መርምሮ ቀድሞ የነበሩባቸው ሆስፒታሎች የዋይ ፋይ የይለፍ ቃል ሳይጠፋ የቀረባቸው መኖራቸውን አረጋግጧል። ስለዚህ አሮጌ መሣሪያ ከመወገዱ፣ ከመሸጡ ወይም በእርዳታ ከመሰጠቱ በፊት በውስጡ ያለው መረጃ በባለሙያ መደምሰስ አለበት። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ይመድበዋል።

የጤና ተቋማት የማያስፈልጉ መሰኪያዎችን መክደን፣ መሣሪያ ያለባቸውን ክፍሎች መቆለፍና ከፋብሪካ የመጣን የይለፍ ቃል መቀየር ይገባቸዋል። ለአስታማሚዎች የስልክ ባትሪ መሙያ ቦታ ማዘጋጀትም ችግሩን ያቃልላል። አስታማሚዎችም ስልካቸውን የት መሰካት እንደሚችሉ ነርሷን ሊጠይቁ፣ በመሣሪያ ላይ የተሰካ ስልክ ካዩም ራሳቸው ሳይነቅሉ ለባለሙያ ፈጥነው ሊያሳውቁ ይገባል።