ካናቢስ ማጨስ፦ የአጫጫሱ ዓይነት ጉዳቱን ይለውጠዋል?

“በውሃ ውስጥ ካለፈ አይጎዳም” ሲባል ሰምተው ይሆናል። ካናቢስ (ሐሺሽ፣ ጋንጃ) በየትኛውም መንገድ ሲቃጠል ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። እንደ ኢተያና አሰላ ከ2000 ሜትር በላይ ባሉ ደጋማ ከተሞች ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው።

በወረቀት ተጠቅልሎ፦ ሳል፣ አክታና የመተንፈሻ ቧንቧ ብግነት ያስከትላል። ጢሱን አፍኖ ማቆየት ስካሩን እምብዛም አይጨምርም፤ ሳንባ ላይ የሚቀረውን ታር ግን ያበዛል።

ከትምባሆ ጋር ተቀላቅሎ፦ ኒኮቲን ስለሚጨመርበት ለሁለት ሱስ ያጋልጣል፤ ማቆምም ይከብዳል።

በጋያ ወይም በሺሻ ዕቃ፦ ውሃው ጢሱን ያቀዘቅዛል እንጂ አያጠራውም። ስለማይለበልብም አጫሹ አብዝቶ ይስባል። በተዘጋ ክፍል ዕቃውን እየተቀባበሉ ማጨስ ለሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሊያጋልጥ ይችላል።

በአእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአጫጫስ አይቀርም። በተለይ ታዳጊዎችና በቤተሰባቸው የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ይበልጥ ይጎዳሉ። ያጨሰ ሰው ለሰዓታት መኪናም ሆነ ባጃጅ መንዳት የለበትም።

መቼ ሕክምና ይፈልጉ?
• የሌለ ድምፅ መስማት ወይም ሰውን ያለምክንያት መጠርጠር
• የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር
• ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል

በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ካስፈለገ ወደ አሰላ ሪፈራል ሆስፒታል ይላካሉ። ምን እና መቼ እንደተጨሰ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። ጸበል የሚሄዱ ቢሆንም መድኃኒቱን አያቋርጡ።