የከብት ሕክምና መዝገብ እንደ መድኃኒቱ ይቆለፍ

ከገበያ ቀን ማግሥት ለአንድ ገበሬ ስልክ ይደወላል እንበል። ደዋዩ የገበሬውን ስም ከነአባቱ ይጠራል፤ ዳለቻ በሬው ባለፈው ሳምንት በእንስሳት ክሊኒክ መታከሙን፣ የተከፈለውንም ገንዘብ ሳይሳሳት ይናገራል። «የምደውለው ከክሊኒኩ ነው፤ የከፈሉት ስለ በዛ ተመላሽ አለዎት። ገንዘቡ እንዲገባልዎ የሚስጥር ቁጥርዎንና አሁን በስልክዎ የሚደርስዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል። ገበሬው በሬውን ያዳነለትን ክሊኒክ ያምናልና የተጠየቀውን ይናገራል። ብዙም ሳይቆይ ትናንት የሸጠው ወይፈን ዋጋ ከሂሳቡ ይወጣል።

ሌባው በረት ሳይሰብር፣ ውሻ ሳይጮኽበት ወይፈኑን ወሰደ ማለት ነው። መንገድ የከፈተለትም ከሕክምናው መዝገብ ሾልኮ የወጣ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

በየወረዳው ያሉ የእንስሳት ጤና ክሊኒኮችና ኬላዎች ከብት ሲያክሙና ሲከትቡ የባለቤቱን ስም፣ ቀበሌና ጎጥ፣ የስልክ ቁጥር፣ የከብቱን ዓይነትና ብዛት፣ የተሰጠውን መድኃኒትና የተከፈለውን ሂሳብ ይመዘግባሉ። መዝገቡ ለሐኪሙ የሥራ መሣሪያ ነው። በሌባ እጅ ከገባ ግን ማን ምን ያህል ሀብት እንዳለው፣ የት እንደሚኖርና በምን ስልክ እንደሚገኝ የሚመራ ካርታ ይሆናል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የከብት ዋጋ በስልክ የሚቀመጥና የሚላክ ሆኗል። ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለዋስትና ስለ ማስያዝ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረትም ከብት ለብድር መያዣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማን በረት ምን እንደያዘ የሚያሳይ ወረቀት ለአጭበርባሪ የሚሰጠው ጥቅም ከቀድሞው ይበልጣል።

እንዲህ ከሆነ ለሐኪሙ ምንም አለመናገር ይሻላል የሚል ሐሳብ ይነሣ ይሆናል። ይህ ግን የባሰ ጉዳት ያስከትላል። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን የአገሪቱን በሬ ፈጅቶ ገበሬውን ያለ ጥማድ ማስቀረቱ የታወቀ ነው። ይኸው በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ለረጅም ዓመታት በተካሄደ ክትባትና በሽታው የታየበትን ስፍራ እየመዘገቡ በመከታተል ነው። መዝገብ ከሌለ ወረርሽኝ ከየት እንደ ተነሣ አይታወቅም። ስለዚህ የሚያስፈልገው እየመዘገቡ መዝገቡን መጠበቅ ነው።

መዝገብ የሚባክንባቸው ቀዳዳዎች ብዙ ናቸው። መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ሲተው ተራ ጠባቂው ሁሉ ያነበዋል። ያረጀው ደግሞ ሱቅ ገብቶ የስኳርና የበርበሬ መጠቅለያ ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተር ወይም ታብሌት ባለበት ክሊኒክ ሠራተኞች ሁሉ በአንድ የይለፍ ቃል ሲጠቀሙ፣ ሥራ የለቀቀውም ቃሉን ይዞ ሲሄድ፣ ገጹ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲላክ፣ ወይም ቁልፍ የሌለው ስልክ ሲጠፋ ምስጢሩ አብሮ ይወጣል። የክሊኒኩ ማኅተምና የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ከተሰረቀም በሐኪሙ ስም የማይታወቅ መድኃኒት ሊሸጥ፣ የተሰረቀ ከብትም ሕጋዊ መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

መከላከያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መዝገቡና ማኅተሙ እንደ መድኃኒቱ በቁልፍ ይቀመጡ፤ ጊዜው ያለፈበት መዝገብ በኃላፊ ፊት ይቃጠል። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ ሠራተኛ ሲለቅ በዚያኑ ዕለት ይዘጋበት። በኮምፒዩተር የተያዘው ጽሑፍ ግልባጭ ተይዞ በሌላ ቦታ ይቆለፍ። ለሕክምናው የማያስፈልግ ነገር አይጻፍ፤ በሬ ለማከም የባለቤቱን የፋይዳ መታወቂያ ፎቶግራፍ ማንሣት አያስፈልግም።

ሕጉም ከገበሬው ጎን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውልና በጥንቃቄ እንዲያዝ ያዛል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ የሌላውን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት መስረቅን በወንጀልነት ደንግጓል።

ይሁን እንጂ አዋጅ ብቻውን በር አይዘጋም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከክትባት ዘመቻ በፊት ከክሊኒኩ ኃላፊ ጋር ተቀምጠው መዝገቡን ማን እንደሚይዝ፣ የት እንደሚያድርና ማን ሊያየው እንደሚችል ሊስማሙ ይገባል። መሪዎቹ ራሳቸውም የአባላትን ስም ዝርዝርና ስልክ ለጠየቀ ሁሉ ከመስጠት መቆጠብ አለባቸው።

በስብሰባ፣ በዕድርና በገበያ ቦታ ለአባላት የሚነገረው አጭር ነው። ክሊኒክም ሆነ ባንክ የሚስጥር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም። የጠየቀ ካለ ስልኩን ዘግቶ፣ ክሊኒኩ ድረስ ሄዶ ወይም ቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥ ነው። የተታለለ ሰው አፍሮ ዝም ሳይል በዚያው ሰዓት ለባንኩ ወይም ለቴሌብር፣ ቀጥሎም ለፖሊስ ያስታውቅ።

መዝገብ የጠፋበት ክሊኒክም እንደዚሁ ሳይደብቅ ለማኅበሩ መንገር አለበት። ነገሩ ተሸፍኖ በቆየ ቁጥር ሌባው በክሊኒኩ ስም የሚደውልበት ጊዜ ይረዝማል፤ ገበሬውም በሐኪሙ ላይ ያለው እምነት ይጎዳል። እምነቱ የጎደለ ገበሬ የታመመ ከብቱን ደብቆ ያስቀራል፤ በሽታውም ከበረት ወደ በረት ይዛመታል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ የመዝገቡ ሣጥን ቁልፍ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ የእያንዳንዱ የማኅበር መሪ ተግባር ነው።