የናፍጣ መኪና በመንገድ ላይ ሲጠፋ

ቡና ጭኖ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የናፍጣ መኪና ሞተሩ በድንገት ጠፍቶ አልነሣም ቢል፥ መርከቡ ነጋዴውን አይጠብቅም። ከጭንቀት የተነሣ ሳያስመረምር ውድ የሆነውን የናፍጣ ፓምፕ የሚያስለውጥ ባለንብረት ብዙ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ፥ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ናፍጣው መድረሱ ነው። ሞተሪኖው እየዞረ ከጭስ ማውጫው ምንም ካልወጣ ናፍጣ አልደረሰም፤ ነጭ ጭስ ከወጣ ግን ደርሶ ሳይቃጠል ቀርቷል። ላለመድረሱ ምክንያት የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም በላላ ቱቦ የገባ አየር ነው። ፊልትሮው ተለውጦ፥ በራሱ ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ብሎን ላልቶ፥ አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪፈስ ድረስ በእጅ ፓምፕ ይገፋል። ይህ ሳይደረግ ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ30 ሴኮንድ በላይ ማዞር፥ ባትሪውን ከመጨረሱም በላይ ሞተሪኖውን ራሱን ሊያቃጥለው ይችላል።