ከጠጠር ሥር የሚወጣው ጥርስ

በቋንቋችን የተቀረጸ ጥርስ ሲነሣ ወዲያው ትዝ የሚለን ዝሆን ነው። ዳሩ ግን ዛፍ በማይበቅልበት፣ ባሕሩም ብዙ ወር በረዶ ሆኖ በሚከርምበት በሰሜኑ የዓለም ዳርቻ፣ ለቀራጩ ጥርሱን የሚሰጠው ዋልረስ የሚባል ግዙፍ የባሕር እንስሳ ነው። ሥጋው ይበላል፤ ቆዳው ጀልባ ይለብጣል፤ ሁለቱ ረጃጅም ጥርሶቹ ደግሞ የጦር ጫፍም ምስልም ይሆናሉ።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናወሳው ከአላስካ ይልቅ ለሳይቤሪያ ስለምትቀርበው፣ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነችው ስለ ቅዱስ ሎሬንስ ደሴት ነው። ነዋሪዎቿ ዩፒክ ይባላሉ፤ የኢኑይት የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ከአፈሯ ከሚወጡት ቅርጾች አንዳንዶቹ ሁለት ሺሕ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የወፍ ክንፍ የመሰለው ነው። ይህ ቅርጽ በአዳኙ ጦር ኋላ ተሰክቶ የፊቱን ክብደት ሚዛን ያስጠብቅ ነበር። ለሚዛን ብቻ ቢሆን ልሙጡ በበቃ ነበር፤ እነዚያ ሰዎች ግን ክብ ዓይኖችንና የተጠማዘዙ መስመሮችን በቀጭን ስለት ቀርጸውበታል። እንዲህ ያለ ጌጥ ተይዞ ወደ በረዶ ባሕር ይወጣ ነበር!

በ1930 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የስሚዝሶኒያን ተቋም ሊቅ ሄንሪ ኮሊንስ በጋምቤል መንደር ቁፋሮ አካሄደ። በዚያ ሥፍራ ባሕሩ በየዘመኑ ጠጠር እየከመረ ዳርቻውን ወደ ፊት ገፍቶታል፤ ሰውም ባሕሩን እየተከተለ መንደሩን አዛውሯል። ስለዚህ ጥንታዊው ፍርስራሽ ከተራራው ግርጌ፣ አዲሱ ከውሃው አጠገብ ይገኛል። ኮሊንስ የትኛው የአቀራረጽ ስልት የትኛውን እንደሚቀድም የለየው ጌጡን አይቶ ብቻ ሳይሆን ሥፍራውንም መርምሮ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በ1971 የአላስካ ነባር ሕዝብ የመሬት ጥያቄ በሕግ ሲወሰን፣ የጋምቤልና የሳቩንጋ መንደሮች ገንዘቡን ትተው ደሴቲቱን ወሰዱ። መሬቱ የራሳቸው በመሆኑ ከጠጠር ሥር ያወጡትን ለሰብሳቢ ይሸጣሉ። ቁፋሮው ስለ በዛ ለጋምቤል ፍርስራሾች በ1962 የተሰጠው የብሔራዊ ታሪክ ሥፍራነት ክብር በ1989 ተነሣ።

ሊቃውንቱ ማዘናቸው ተገቢ ነው። ቢሆንም ቆፋሪውን ሌባ ማለት አይዋጥልንም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የውጭ መርከበኞች ዓሣ ነባሪውንና ዋልረሱን ሲፈጁት ኖሩ፤ ከ1878 እስከ 1880 በደረሰው ረኃብም አብዛኛው የደሴቲቱ ሕዝብ አለቀ። ከዚያ እልቂት የተረፉት ሰዎች ልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ሥራ ሸጠው ነዳጅ ቢገዙ፣ በርቀት ተቀምጠን ልንፈርድባቸው አንችልም። ወቀሳችን ለገዢው ነው። ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ዕቃው ከየትኛው ፍርስራሽ፣ ከምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን ጋር እንደ ወጣ ጠይቆ ቢጽፍ ምን ነበረበት? ይህ ሳይጻፍ የቀረ ቅርጽ፣ በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ቢገባም ከጎኑ የሚነበበው የደሴቲቱ ስም ብቻ ይሆናል።